አራት ግራም

ዋናው ፖስታ ቤት ነኝ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፣
ዕቃ ስመዝን ኖርኩ አሥራ ስምንት ዓመት።
አንዷን ወረቀት ግን መመዘን አቃተኝ፦
የጡት ራጅ ቀጠሮ፣ ገና ምንም ሳያመኝ።

አክስቴ ዘነበች እብጠቷን ደብቃ
ለሐኪም አሳየች ጉዳዩ ሲያበቃ።
ትርሲትን ደግሞ ራጅ ላይ ጥላ አይተው፣
ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሥተው፣ በመርፌ ወግተው፣
«ምንም የለም» አሏት ፈገግ ብለው።
እስከ ዛሬ ደረቷን ትደባብሳለች፣
ቁልፍ እንደጠፋው ሰው።

ማታ መስኮቴን ዘግቼ
ወረቀቷን ሚዛኑ ላይ ጣልኳት፤ አራት ግራም።
የዘነበች ዝምታ ግን? የትርሲት ሦስት ሳምንትስ?
ለነሱ ቴምብር የለኝም።
በጀርባዋ ለሐኪሟ ሁለት ጥያቄ ጽፌ አጠፍኳት።

ጥቁር አንበሳ እዚሁ ታች ነው፤
ቁልቁለቱ አጭር ነው፣
እግሬ ነው የሚያረዝመው።