ሦስት ዶሮ

ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በአንድ መንገድ የተለየ፣
ስልሳ ዓመት ውጪውን እንጂ፣ ዓይኔ ውስጡን መች አየ?
ከብራቲስላቫ አውቶቡስ፣ ሰው ሲያራግፍ ሁሌ ቅዳሜ፣
ልብስ ሳሰጣ አያቸዋለሁ፣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ።
ዛሬ ግን ዝናብ ጣለና፣ መግቢያውም በነጻ ነው ቢሉኝ፣
ዣንጥላዬን አጥፌ ገባሁ፤ ጎረቤት ነኝ፣ ምን ሊሉኝ!

አስጎብኚዋ ዝላቲካ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፣
እንደ ዳዊት ትወርደዋለች፣ አንዴ እንኳ አፏን ሳይዛት፦
«ታላቁ ኬሚስት ሃላሽ፣ እዚች ክፍል ነው ያደገው፤
የዓለምን ድልድይ ከዝገት፣ በአንድ ቀለም የታደገው።»
አልጋው የሱ አይደለም፤ የሱ በጦርነቱ ክረምት ነዷል፣
ይኼኛው ከጨረታ መጥቶ፣ ቁመቱ ስለበቃ ገብቷል።
ወንበሩ የሌላ፣ ሰዓቱ የሌላ፣ መጋረጃው አዲስ ስፌት፣
እውነተኛ የሱ የምትባል፣ ወለሉ ላይ ያለች ጥቁረት፦
በአሥራ አንድ ዓመቱ አሲድ ደፍቶ፣ ሳንቃውን ያቃጠለባት፣
ከአከራይ ዓይን ልትሸሽግ፣ እናቱ ምንጣፍ የጣለችባት።
ዛሬ መስታወት ተደፍቶባት፣ መብራት ወርዶላት ከጣራ፣
እንግዳው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ እንደ ቅዱስ መቃብር ስፍራ።

እጄን አነሣሁ። «ዶሮዎቹስ?»
«የቶቹ ዶሮዎች፣ እማማ?»

አያቴ ቬሮና እስክትሞት፣ በበጎ አላነሣችውም፤
ጋዜጣው ፎቶውን ቢያወጣ፣ «እሰይ!» አላለችውም።
በቆርቆሮ አንድ ነገር በጥብጦ፣ ከቆጣችን ሥር ቀበረ፤
ዶሮው ከነቆጡ ወደ ሰማይ፣ እሑድ ማለዳ በረረ።
«ያን ያህል ከፍታ ወጥቶ፣ የሚያውቅ ዶሮ የለም» ትላለች፤
ሦስት እንቁላል ጣዮች ነበሩ፣ በስማቸው ትጠራቸዋለች።

ዝላቲካ ወረቀቷን ገለጠች።
ዶሮ የለበትም። ከንፈሯን ነከሰች።

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ፤ የሚታየው የኔው ጓሮ ነው፤
አንሶላዬ በዝናብ ይርሳል፤ ሳላነሣው ረስቼው ነው።
ለካ ይሄን ነው ሲያይ የኖረው፦ የኛን የዛገ የሽቦ አጥር፣
አያቴ ጥሬ በትና፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ስትቆጥር።

መውጫው ላይ የእንግዳ መዝገብ፣ እስክሪብቶ በክር ታስሯል፤
ከኔ በፊት የመጣ ጎብኚ፣ «ታላቅ መንፈስ» ብሎ ፈርሟል።
እኔም ቀጥዬ ጻፍኩበት፣ ፊደሌን እያጎላሁ፦
«ሦስት ዶሮ አለብህ፣ ኦንድሬይ።
ጎረቤትህ ነኝ። እጠብቃለሁ።»

ከዚያ መንገዱን ተሻገርኩ።
አንሶላው አለ።