ጀልባው እስኪመጣ

ሳርጀንት መንገድ፣ ዊኒፔግ፣ ከምድር በታች ቤት፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
የመስኮቱ ግማሽ በበረዶ ተደፍኖ፣
ያሮጌው ኮምፒውተር ድምፅ የንብ ቀፎ ሆኖ፣
እኛ ወደብ ቆመን ጀልባ እንጠብቃለን፤
አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን እናደርጋለን?
እናወራ ነበር። ሌላ ምን ሥራ አለን።

ዳሪል የሙስ ጆው ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣
ስለ ጎማ ዋጋ ሌሊቱን ሲያማርር፤
ሚሼሊን ነርስ ናት፣ ትሯ ሪቪዬር ከተማ፣
ባሏ ሲያንኮራፋ በማይኩ የሚሰማ፤
እኔ አሥራ ስድስቴ፣ ነገ ፈተና አለብኝ፣
ስሜ እዚያ «ጃርት» ነው፣ የተውሶ ጋሻ አለኝ።
ጀልባው ብቅ ሲል፣ ይገርማል፣ ቅር ይለን ነበር፤
የዳሪል ጎማ ገና መሀል መንገድ ሲቀር።

እንዴት እንደሞተ ልንገር? ባንድ ቀን አልሞተም፤
ገዳዩም ከውጭ የመጣ ባዳ አልነበረም።
«ጀልባው ዘገየ» አልን። እኛው ነን፣ ሌላ ማን፤
አቤቱታ ጻፍን፣ ስማችንን ፈርመን።
ሠሪዎቹም ሰሙ። መስማታቸው ነው ጉዱ፤
ባንድ ጠቅታ የሚያሻግር በር ቆመ በመንገዱ።
ደስ አለን። አንድ ሳምንት።
ከዚያ ወደቡ ላይ ሰው ጠፋበት።
ሱቅ ተከፈተ ደግሞ፤ ፈረስ በስምንት ዶላር፣
አርባ ሌሊት ያደንነው ካባ በአራት ሲቸበቸብ፣ በገበያው ዳር።
ዳሪል ገዛ። አልፈርድበትም፤ መንታ ወልዷል፣ ጊዜ የለው፤
ከዚያ ወዲህ ግን የራሴን ካባ ባየሁት ቁጥር
ያ ሁሉ ሌሊት፣ እላለሁ፣ ዋጋው ይሄ ነው?
ሚሼሊን «ነገ» ብላ ወጣች፤
ስሟ ዝርዝሩ ላይ ግራጫ ሆነ፣ እሷም ቀረች።

ሰርቨሩ ሊዘጋ ሲል አሥራ አንድ ሰው ነበርን።
አምስት፣ አራት ሲሉ፣ እኔ ሦስት ላይ ወጣሁ፤
የሟች ዓይን መክደን አይሆንልኝም፣ አውቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመት አልፎ «ተመልሷል» አሉን፣ «እንደ ድሮው፣ ምንም ሳይጎድል»፤
ከጉርፕሪት ጋር የኤርፖርት ፈረቃዬን ለወጥኩ፣ ላንድ ዓርብ ሌሊት ዕድል።
አልዋሹም። ጀልባው አለ፣ አሥራ ሁለቱም ደቂቃ፣
አንካሳዋ ውሻ እንኳ፣ ገመዱ ሥር ተኝታ ስትነቃ።
የጎደለ ፈልጌ ዞርኩ፤ አጣሁ።
ይሄኔ ነው የፈራሁ።
ሠላሳ ሰው ቆሟል፣ ትንፍሽ የሚል የለም፤
ሰላም ብል፣ አንድም አልመለሰልኝም።
ካርታውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፣
የትኛው ዋሻ ስንት ወርቅ፣ የትኛው ዘንዶ የት ቢወጉት ይወድቃል።

ጥጃዋ የሞተባት ላም አለች አይደል?
ቆዳውን ገለባ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላታል፣
እሷ ስትልሰው እነሱ ያልቧታል።
ላሚቱ እኔ ነኝ። በወር አሥራ አራት ዶላር።

እንዲህ እያጉረመረምኩ፣ «ሰው ተበላሸ» እያልኩ፣
አንድ ልጅ መጣ፣ ጋሻው የተውሶ።
«የጨው ዋሻ በየት ነው?» አለኝ።
ያኔ ዳሪል ለዚሁ ጥያቄ
«እኔም አላውቅም፣ ና እንፈልገው» ነበር ያለኝ።
ሦስት ሌሊት ጠፋን፣ ሁለቴ ሞትን፤
ሚሼሊንን ያገኘናት በዚያ መጥፋት ነው፣
ገደል ሥር፣ እሷም ጠፍታ፣ በፈረንሳይኛ ስትሳደብ።
የኔ ጣት ግን ከልቤ ቀደመ፦
«ሦስተኛው ድንጋይ፣ ወደ ግራ፣ ከፏፏቴው ጀርባ።»
አራት ሴኮንድ አልፈጀም።

«ቆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ መንገዱን አላውቀውም» ብዬ ጻፍኩ፤
ሳልልከው «ደርሻለሁ» አለኝ።

ጀልባው መጣ። ሠላሳዎቹ ነቁ።
እኔ ከውሻዋ ጋር ቀረሁ፤
ውጭ፣ ሳርጀንት ላይ፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪና
ማንም ያልሄደበትን እየጠረገ አለፈ።