ሌት

ከሃል ወደብ በላይ፣ ከማዘጋጃው ቤት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሞት በሚጻፍበት፣
ወይዘሮ ግሪምሾ፣ ተራቸው ሲቀርብ፣
ጥቁር ጃንጥላቸው ውሃ ሲያንጠባጥብ፣
ዐይኑን ከቅጹ ላይ ጸሐፊው ሳይነቅል፣
«ሌት ባልዎ» አላቸው፣ «ስማቸው ማን ይባል?»

ሌት ማለት በነሱ፣ ሰዓት ያረፈደ፤
ሌት ማለት በነሱ፣ አፈር የወረደ።
የኛስ ሌት ይነጋል፣ ዶሮ ሲጮህለት፤
የነሱን ማን ያንጋው፣ ከስም ፊት ሲያቆሙት?
ከስሙ ኋላ ሲቆም፣ «እገሌ ሌት ነው» ሲባል፣
ሰውየው መንገድ ላይ ነው፣ ገና ይጠበቃል፤
የቀደመ እንደሆነ፣ «ሌት እገሌ» ከሆነ፣
ወንበሩ ተነሣ፣ ድስቱ ተከደነ።

ይኼን ሁሉ ሰዋስው ሴትዮዋ ያውቁታል።
ግን ሣቅ አመለጣቸው።

«ሌት?» አሉ። «ሲሪል ነው? ምን አዲስ ተፈጠረ?
ሲሪልማ ድሮም በቁሙ ሌት ነበረ።
የሠርጋችን ዕለት ኦርጋን መቺዋ ሴት
አንዱን መዝሙር ይዛ ሦስቴ ደገመችበት፤
መጣ ባርባ ደቂቃ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣
የሰው ጀልባ ሞተር ሲጠግን ቆይቶ።
ሞሪን ስትወለድ፣ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣
ጡት ጠብታ፣ ተኝታ፣ እሱ መጣ ኋላ፣
ስምንት ኪሎ ድንች በጆንያ አዝሎ።
ላራስ ድንች! ብቻ አልተቆጣሁም፤
ፊቱን ብታየው አንተም አትቆጣም።

አርባ ሦስት ዓመት ራቱን በሳህን፣
ሳህኑን በሳህን ከድኜ፣
የሚፈላ ድስት አፍ ላይ አስቀምጬ
በእንፋሎት አሞቅሁለት።
አንድ ቀን ብቻ ቀደመኝ። ባለፈው ማክሰኞ።
ሻዩ ሳይፈላ።»

ልጁ እስክሪብቶውን አነሣ።
ከኋላ ሰልፈኛው ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሲሪል ኤድጋር» አሉ እሳቸው፣ «ኤድጋር ያባቱ ነው»፤
ልጁም ቀስ ብሎ ጻፈ፣ ፊደል በፊደል፣
የሚቸኩል ነገር እንደሌለ ሰው።

ማታ፣ መብራት ሳያበሩ፣ ድስቱን ጣዱ።
አንዱን ሳህን ከታች፣ ሌላውን ከላይ፤
መሐሉ ላይ ዓሣና ሁለት ድንች።
ሰዓቱን አዩ። መስኮቱን አዩ።
ያን ቃል ልጁ ካቆመበት፣ ከስሙ ፊት፣
እንደ ከባድ ወንበር እየጎተቱ
ወደ ኋላ መለሱት፤

«ሲሪል ሌት ነው» አሉ፣

ውሃው እንዳያልቅ
እሳቱን ቀነሱ።