ዶሮዋ ሰማች

ጉንቮር መረብ ጠጋኝ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
በሎፎተን ደሴት፣ ባሕር ዳር ነው ቤቷ።
አንድ የጥር ሌሊት ልብስ ማጠቢያ ማሽን
ውኃ ተፋባትና አራሰው ወለሉን።
ባለሙያው ቦዶ፣ ጀልባው ማክሰኞ ነው፤
እስከዚያ ባልዲውን ምን ወገብ ሊችለው?

ታብሌቱን ከፈተች፣ የልጇን ስጦታ፣
ዓመት እንደ ትሪ ስትጠቀምበት ቆይታ።
“ማሽን ውኃ ተፋ” ስትጽፍ በአንድ ጣቷ፣
ፍየል አነጠሰች መጥታ ከፊቷ።
ቀጥሎ አንድ አዛውንት ለኤሊው ባርኔጣ
በኪሮሽ ይሠራል፣ ላብ ላብ እስኪመጣ።
ከዚያ ግድግዳ ነው፣ ቀለሙ ሲደርቅ፤
ሩብ ሰዓት አየችው ሳትል ንቅንቅ።

በስተመጨረሻ ኡርባኖ ብቅ አለ፣
ከኡራጓይ፣ ሳልቶ፤
ሆዱ ጠረጴዛ ላይ የተደላደለ።
ትከሻው ላይ ደግሞ ቀይ ዶሮ ቆማለች፣
ቡሎኑን ሲፈታ ቁልቁል ታየዋለች፣
ልክ እንደ ተቆጣጣሪ።
ማሽኑ የዚያው ዓይነት፣ ብልሽቱም ያው ነው፤
ስፓኒሽ ያወራል፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለው፣
ኮምፒውተር የተረጎመው።
“አሁን” ይላል ጽሑፉ፣ “ቦምቡን በቀስታ
ንቀሉት ከቦታው፣ በእርጋታ፣ በደስታ።”
ጉንቮር እጇን ሰበሰበች ከማሽኑ ፈጥና።
በዚያ ቋንቋ ለካ ቦምብም ፓምፕም አንድ ነውና።
ገባትና ሳቀች።
ባሏን ከቀበረች ሁለት ክረምት ሆኗት፣
ሳቅ መጣ ተመልሶ፣ ጎኗን እስኪወጋት።

ኡርባኖ ዝም አለ። ጣቱን አነሣና
ማሽኑን አበራ፣ ጆሮውን አቀና።
“ቀጭኗን ፉጨት ስሙ” አለ ጽሑፉ፣
“የበሽታው ስም ነው፣ ሳትሰሙ እንዳታልፉ።”
ጉንቮር አዳመጠች። ምንም።
ወደ ኋላ መልሳ ደገመችው። ምንም።
ዶሮዋ ግን ሰማች፤
አንገቷን አስግጋ ወደ ማሽኑ ዞረች፣
ከዚያ በአንድ ዓይኗ፣ ከሳልቶ ሎፎተን፣
ጉንቮርን ያየቻት መሰለች።

ድምፁን ጨመረችው እስከ ጫፉ ድረስ።
በመስኮቱ ማዶ፣ በመብራቱ ሥር፣
የጎረቤት ውሻ አፉ ሲከፈት፣ ሲመለስ፤
አርጅቶ ዝም አለ ብላ ነበር እሱን።
ወፎቹም ካምና ቀርተዋል ብላ ነበር፣
በነዳጅ መርከቦች፣ በሞቀው ባሕር
አሳብባ።
አይቪንድ፣ ልጇ ደግሞ፣ ከትሮንድሃይም ሲደውል፣
ነገር እንደሚደብቅ ሰው ሲያልጎመጉም፣ “ጮክ በል!”
ብላ ተቆጥታው፣ በፋሲካ ዕለት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታ፣
ይኸው ዘጠኝ ወሩ፤ እሱም ዝም፣ እሷም ኮርታ።

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ያለ ሰው፣
ለሐሜት ነው ያለው፤ ጉንቮር ግን በቁሙ አገኘችው።

ማክሰኞ በጀልባው ተሳፈረች ጉንቮር፤
ስለ ማሽኑ አልነበረም ቦዶ የምትናገር።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ባቄላ የምታህል
ነገር ከጆሮዋ ጀርባ ሰካችና “በል”
አለችው ለመሣሪያው፣ እንደ ፈረስ።
መጀመሪያ የሰማችው የገዛ ካፖርቷን፣
በተነፈሰች ቁጥር ሲንኮሻኮሽ አንገቷን።
ከዚያ የወረቀት ከረጢት። ከዚያ የራሷ ጫማ።
“ይህ ሁሉ ጫጫታ” አለች፣ “ያለ እኔ ነው የሚውለው?”

ቤቷ እንደገባች ኡርባኖን ከፈተች።
በሐሳቧ የሰጠችው ድምፅ ወፍራም ነበር፣ እንደ ከበሮ፤
ለካ በሕፃን ድምፅ ነው የሚያወራ፤
ያውም ቃሉን ከአፉ እየነጠቀችው ዶሮ።
ፓምፑ እስካሁን አልተጠገነም፤ ፎጣ አለ ከሥሩ።
ፉጨቱን ግን ሰምታዋለች፣
ቀጭን፣ ነገረኛ፣ እንደ ትንኝ።

ለአይቪንድ ጻፈች፣ በዚያችው በአንድ ጣቷ፦
“ደውል። የተደበቀው ነገር እኔ ጋ ነበር።”

እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።
ቶሎ አላነሣችውም።
አንዴ አስጮኸችው፤
ሁለቴ፤
ሦስተኛውን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው።