ከመዝገብ የወጣ

ጥር ነው፤ ደብረ ብርሃንን ውርጭ ነክሷታል፣
ብርድ ልብስ የሚሠራው ፋብሪካም በርዶታል።
ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከሱፍ ጆንያው ኋላ፣
አቧራ የጠገበ፣ ዝምታ የበላ፣
አንድ ኮምፒውተር አለ፤
ከደመወዝ ክፍል ጡረታ የወጣ፣
ወይቦ ወይቦ፣ የከረመ ቅቤ የመሰለ።

ጋሽ ጥላዬ ገልጦ አሳየኝ መዝገቡን፤
«አገልግሎት የማይሰጥ፣ ይወገድ» ማለቱን።
ቀይ እስክሪብቶ፣ ማኅተም፣ የሦስት ሰው ፊርማ።
«ምን ልታደርገው ነው?»
«የዘንድሮ ቋንቋ በዚህ ጆሮ ይሰማ።»
«በአራት ሜጋ ባይት? የኔ እንኳ ትዝታ ከዚህ ይበልጣል!»
ብሎ ሳቀ፤ ጉልበቱን እያሸ ወጣ።
ቁልፉን ግን ከሚስማሩ አላወረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ኮምፓይለር የሚሠራው በሌላ ኮምፓይለር፣
ያም ደግሞ በሌላ፣ ወደ ላይ ቢቆጠር።
መዶሻ ለመቀጥቀጥ መዶሻ ካስፈለገ፣
የፊተኛው መዶሻ በምን ተደረገ?
«በድንጋይ ነዋ!» ይለኝ ነበር
አንጎለላ ወናፍ ይነፋ የነበረ አጎቴ።

እኔም ከድንጋይ ጀመርኩ።
በቁጥር፣ በጣቴ፣ አንድ ባይት አንድ ባይት፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱን ሳልስት፣
ቁጥር ከመልቀም በቀር የማያውቅ ጨቅላ።
ጨቅላው ስም የሚለይ ታላቁን ወለደ፤
ታላቁ ቅንፍ ፈትቶ ቀመር አራመደ፤
በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ።

ስሟ የብርሃን፣ እሷ ጨለማ።
በሕይወት የቀረች አንዲት ፍሎፒዬ
ግማሽ ተጽፋ ቀረች ከማሽኑ አፍ።
ጠርዙ ተዛንፎ ለገበያ ያልበቃ
ብርድ ልብስ ተከናንቤ
በሻማ ከደብተሬ ባይት ስቆጥር ነጋ፤
ሁለት ቦታ ስቼ ኖሯል።

በአምስተኛው፣ ራሱን እንዲተረጉም አዘዝኩት።
አዲስ ማሽን በጥቅሻ የሚጨርሰውን
አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ፤
ዲስኩ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው ቆሎ ሲያገላብጥ ይመስል፣
ቋ... ቋ... ዝም... ቋ።
የወለደውን ይዤ እንደገና አስወለድኩት፤
ልጅንና የልጅ ልጅን ጎን ለጎን አቁሜ
ባይት በባይት አመሳከርኩ።
ልዩነት፦ ዜሮ።

ጋሽ ጥላዬ ጠዋት ገባ፣ ካፖርቱ ላይ ውርጭ።
«እና ምን ይሠራል?»
«ራሱን ይሠራል።»
«ሌላስ?»
«ሌላው ገና ነው።»
ቆየ። ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ጭረት
በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሮ ዞሮ አየ።
«መዝገቡ ይታረም?» አልኩት።
«ከመዝገብ የወጣን የሚመልስ ቅጽ የለንም።»

ሲወጣ ግን፣
ሠላሳ ዓመት ሳይጫነው ወጥቶ የማያውቀውን
የመብራት ማጥፊያ
በአጠገቡ አለፈ።