መረቡን ያዢልኝ

ስልኬ ሦስት ፐርሰንት፣ እኔም ከዚያ በታች፤
ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ተጠግታለች።
አሞራ ገደል ዳር ገበያው ተበትኖ፣
አባ ኮዳ ብቻ፣ በቀጫጭን እግሩ ሽማግሌ ሆኖ፣
የዓሣ ቅርፊት ላይ እንደ ዳኛ ቆሟል፤
እኔም ፍርድ ይዤ ነው የመጣሁ፤ እሱ ግን በልቶ ጨርሷል።

በአውራ ጣቴ ሥር አንድ መልእክት አለ፣
አራት መስመር ሆኖ በንዴት የበሰለ፦
«የአባባን ጀልባ ሳትነግረኝ ሸጥክ፤
እሱ ሪፈራል ተኝቶ አንተ ብር ቆጠርክ፤
ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፤
ዱካሞ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ላክ» የምትለው ቀስት እንደ ዓሣ ዓይን ታበራለች፤
ጣቴ ትጠጋለች፣ ጣቴ ትመለሳለች።
ልቤ ግን ፍሬን እንደሌለው ባጃጅ ከታቦር ይወርዳል፤
ጡሩምባውን ብቻ ይነፋል፣ መንገዱን ማን ይጠይቃል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤
ከጣት ለወጣውስ ምን አሉ?

«እጅሽ ባዶ ነው ወይ?» አለ ሃንካርሶ፣ መረብ ጠጋኙ።
ባዶ አልነበረም። ስልክ ነበረበት፣ ስልኩም ውስጥ ወንድሜ።
«ባዶ ነው» አልኩት፣ ለማስረዳት ደክሜ።
«እንግዲያ መረቡን ያዢልኝ፤ አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ።
ንፋስ ገብቶበት ነው እንጂ ትናንት ደህና ነበር ይህ።»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። መረቡን ያዝኩለት።
እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፣ የቆሮሶ ጠረን አለበት።
አንዱን ቋጠሮ ስፈታ ሌላው ይጠብቃል፤
ጎተትኩት። «ኧረ ተይ» አለኝ፣ «ስትጎትቺው ይብሳል።
ሐይቁ መሃል ሳለሁ ተወሳስቦብኝ ያውቃል፤
ያኔ ቢላ አወጣሁ፤ ጎረምሳ ነኝ፣ ደሜ ይፈላል፤
ቆርጬ ቆርጬ ጣልኩት። ዓሣውም ሄደ፣ መረቡም።
የሦስት ወር ገንዘብ ነበር። አባትሽ ሰምቶ አልሳቀብኝም፤
‹መሬት እስክትደርስ አትፍታው፣ አትቁረጠውም› ብሎ ነገረኝ፣
ክብሪት እየጫረ፣ ፊቴን እንኳ ሳያየኝ።»

ከዚያ ዝም አለ። ስለ ዱካሞ አላነሳም፤
ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።
ሁለቱም እጄ ግን ታስሮ ነበር በገመድ፤
መዳፌ ሲቀዘቅዝ፣ ልቤም ቀስ እያለ ሲበርድ፣
ከኪሴ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ አጭር፣ እንደ መቃተት፤
ስልኬ ጠፋ። ቃሉም ከነመርዙ ጨለመበት።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ተመስገን አልኩ።
ምንም ሳልቀምስ ነበር የዋልኩ፤
በጨለማ ተቀምጬ ቆጮ በጎመን በላሁ።
ከንዴቴ ግማሹ ረሃብ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁ።

ሌሊት ስለ ዱካሞ አንድ ደግ ነገር ፈለግኩ፤
አገኘሁ፤ ከጎኑ ሁለት ክፉ አገኘሁ፤ ደመርኩ፣ ቀነስኩ።
ሒሳቡ አልተዘጋም።
መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት መብራቱ መጣ። ስልኩም ነቃ፣ እኔም ነቃሁ።
አራቱንም መስመር እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ አነበብሁ።
የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ጀልባው ተሸጧል።
ሁለተኛው ግምት ነው፤ ሲቆጥር ማን አይቶታል?
ሦስተኛው ውሸት፤ ወንድምማ አለኝ፤ ባይኖረኝ እንዲህ ባላመመኝ።
አራተኛው፣ ዱካሞን አላውቅም ያልኩት፣
እሱስ ምናልባት እውነት ሆነብኝ።

ሁሉንም አጠፋሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ጀልባውን ለምን ሸጥከው? ገንዘቡስ የት ነው? ዛሬ ሆስፒታል ና።
አባባ ሳይሰማ በረንዳው ላይ እንነጋገር፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አለሁና።»

ይቅርታ አይደለም ይህ። ንዴቴም ከእኔ አልራቀ፤
ብቻ መሬት ላይ ነኝ አሁን፤ ቋጠሮው የቱ ጋ እንደሆነ ታወቀ።

«ላክ»ን ተጫንኩ። መልስ የለም። ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።
እጄ ገና ዓሣ ዓሣ ይላል፤
በሳሙና ሁለቴ አሸሁት፣ ተውኩ።