ከተረከዝ የተላከ ወሬ

ስምንት ቁጥር ሚስማር ነው፤ ከአዘዞ እስከ ሳሙና በር
በአባቴ ተረከዝ ውስጥ ያለ ታሪፍ ተሳፍሮ ነበር።
ነቀልኩት። አልጮኸም።
ያ ነው ያስጮኸኝ።

አደራጀው የመብራት ኃይል፣ የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ፣
ምሰሶ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ቀበቶውን አምኖ የተኛ፣
ሽቦው ሙት ይሁን ሕያው በክንዱ ፀጉር የሚያጣራ፣
የሰፈሩን ትራንስፎርመር በቁልምጫ የሚጠራ፤
ዛሬ የገዛ መስመሩ ከጉልበቱ በታች ጠፍቶ
ደም ካልሲውን ሲያረጥበው፣ ሬዲዮ ይሰማል ተዝናንቶ።

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ። ሻማው ስር ደብተሬ አለ፤
ነገ የነርቭ ፈተና ነው። «አንብቢልኝ እስቲ» አለ፣
«ይህ የሰው ሽቦ መዳብ ነው? ስንት ቮልት ይሆን የቻለ?»

«ቮልት አይሞላም፣ አባዬ፤ በሚሊ ነው የሚለካ፤
ከዜሮ በታች ሰባ፣ ማንም ምንም ሳይነካ።
ከበሩ ውጪ ሶዲየም እንደ ቅዳሜ ገበያ
ተጋፍቶ ቆሟል ደጁ ላይ፣ እስኪከፈትለት መግቢያ።
የሚዳስስ፣ የሚወጋ ሲመጣ በሩ ገርበብ ይላል፤
ሰባው ወደ አምሳ አምስት ካልወረደ ተመልሶ ይዘጋል፤
ከወረደ ግን ሹክሹክታ፣ ግማሽ ጩኸት የሚባል የለም፤
ወይ ሙሉውን ይጮኻል፣ ወይ ጭራሹን አይሰማም።
ሶዲየም ጎርፎ ይገባል፤ ወዲያው በሩ ይቀረቀራል፤
ፖታሲየም በጓሮ ይወጣል፤ ቤቱ መልሶ ፀጥ ይላል።
ይህ ሁሉ በአንድ ሺኛ ሰከንድ።»

ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ቮልቴጅን እኮ መንገድ ያደክመዋል፤
ከጣቢያው ርቆ ሲሄድ አምፖል ማቅላት ያቅተዋል።
ትራንስፎርመሩ የታለ?»

«የእድር ጥሩምባ አስብ፤ ዳገቱ ላይ አንዱ ሲነፋ
ትንፋሹ እዚህ አይደርስም፣ ሸለቆ ውስጥ ነው የሚጠፋ፤
ማዶ የሰማው ግን ተነስቶ፣ በገዛ ራሱ ሳንባ
ያንኑ መርዶ እንደ አዲስ ይነፋዋል በጥሩምባ፤
ከእሱ የሰማው ደግሞ ሌላው።
የመጨረሻው ሰፈር የሚሰማው ከመጀመሪያው አያንስም።
ስብ በተጠቀለለበት በኩል ወሬው አይራመድም፤
ቀሃን በድንጋይ በድንጋይ እንደሚሻገር ሰው ይዘላል።
ዳር ሲደርስ ሽቦው ያልቃል። ክፍተት አለ።»

«ሳይቀጠል? ይህማ የሰነፍ ሥራ ነው!»

«ጠብታ ይተፋል ወደ ማዶ፤ ማዶ ያለው ቀምሶ ይነሳል።»

ዝም አለ። እግሩን አየው፣ እንደ ሌላ ሰው እግር።
«የኔን መስመር ማን ቆረጠው?»
ይህ ደብተሬ ላይ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ነበር፤
ክዳኑ ያልተገጠመ የስኳር ጣሳ።

ከመሣሪያ ቦርሳው ቴስተሩን አወጣ፣ አውራ ጣቱን ነካበት፤
ትንሿ አምፖል አልበራችም።
ብቻውን ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አነሳና ሰጠኝ፤
«ብልሽት የሚፈለገው ከጫፍ ተነስቶ ነው። ንኪኝ።»

ከዚህ?
የለም።
ከዚህስ?
የለም።
ቁርጭምጭሚት። የለም።
የባቱ እኩሌታ፣ የድሮ ጠባሳው አጠገብ። የለም።
ከጉልበቱ አራት ጣት ዝቅ ብዬ ስነካው
«አለ!» አለ። «አለ፣ አለ። ምልክት አድርጊበት።»
ዙሪያውን አሰመርኩ።

ያኔ መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እሰይ!» አለ፤
ፍሪጁ አጓራ።
አባቴ ቀና አላለም።
«ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ በይ» አለኝ፣
«እንደገና ሞክሪ።»